ማውስ በመቀነት

በዚህ ዕድሜዬ እፍኝ ከማትሞላ ፕላስቲክ ጋር እጣላለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም። የተጣላሁት ግን እውነት ይዤ ነው። ቦንጋ ገበያ ስወርድ "ማውስ የታጠቁት እትዬ መጡ" የሚሉኝ አሉ፤ እሰማቸዋለሁ፣ ጆሮዬ ገና አልደከመም። ስለዚህ ነገሩን ከእኔ ከራሴ ስሙት። የደበቅኩት ነገር ካለም መጨረሻ ላይ ራሴው አወጣዋለሁ።

የልጅ ልጄ ምህረት ኮምፒውተር ተምራ ተመርቃ እኔው ቤት ተቀመጠች። ሥራዋ ኮድ መጻፍ ነው። ኮድ ማለት እንደገባኝ ከሆነ ኮምፒውተሩ መስመር በመስመር የሚታዘዝበት ጽሑፍ ነው። እኔ የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ መሠረተ ትምህርቱን ከደመራችሁልኝ አራት ተኩል። ማዘዝ ምን እንደሆነ ግን ማንም አያስተምረኝም፤ ስድስት ልጅ አሳድጌአለሁ። ኮምፒውተር ከልጅ የሚሻለው የታዘዘውን አይረሳም። ከልጅ የሚብሰው ደግሞ አንዲት ነጠላ ሰረዝ ጎደለችብኝ ብሎ ሥራ ያቆማል።

በዚያ ሰሞን ምህረት የያዘችው ሥራ የእኛው ነበር። የቡና ማኅበራችን የጋራ የማድረቂያ አልጋ አለው፤ እሸቱን የምናሰጣበት፣ ከመሬት ከፍ ያለ፣ ሽቦ የተወጠረበት። አልጋው ጥቂት ነው፣ አባሉ ሠላሳ አራት ነው፣ ስለዚህ በተራ እንጠቀማለን። ተራው የሚጻፍበት መዝገብ ግን መዝገብ መባሉ ቀርቷል። እዚህ ተፍቋል፣ እዚያ ነጭ ቀለም ተቀብቷል፣ ሰኞ አምስተኛ የነበረ ሰው ረቡዕ ሁለተኛ ሆኖ ይገኛል። ማን እንዳወጣው ሲጠየቅ ሁሉም ጣራ ያያል።

ምህረት "ተራውን የሚይዝ ፕሮግራም ልሥራላችሁ" አለች። ሊቀመንበሩ ጋሽ አድማሱም፣ "ሠርተሽ ለጉባኤው አሳዪ። ከተቀበለው እዚሁ ትቀጠሪያለሽ፤ ካልተቀበለው መቼስ መንገዱን ጨርቅ ያድርግልሽ" አሏት። የሚያወሩለት መንገድ የሚወስደው አዲስ አበባ፣ አክስቷ ጋ ነው። ሻንጣዋ ግማሹ ታሽጎ አልጋ ሥር ተቀምጧል። ቤት በጠረግኩ ቁጥር ያንን ሻንጣ በመጥረጊያው ጎሸም አደርገዋለሁ። በድን ዕቃ ምን አደረገሽ ትሉኝ ይሆናል። ልጄን ሊወስድብኝ ነዋ!

አንድ ቀን ምሳ ላይ ምህረት ቆጮውን በግራ እጇ ቆረሰች።

"አንቺ! በግራ እጅ? እኔ ቤት?"

"ቀኙ አልታዘዝ አለኝ፣ እማማ።"

እጇን ሳብ አድርጌ አየሁት። አንጓው አብጧል። ጤና ጣቢያ ይዣት ሄድኩ፤ ሲስተሯ ጫን ጫን አድርጋ አየችና፣ "ማውሱ ነው ያሳበጠው። ለጥቂት ሳምንት አሳርፊው። ከሥራሽ ብዙው በኪቦርድ ብቻ ይሠራል፣ አቋራጭ ቁልፍ አለው አይደል?" አለቻት። ምህረት አንገቷን አቀረቀረች። ለካ ታውቃለች፤ ማወቋን አልተጠቀመችበትም እንጂ።

ቤት ስንመለስ አጠገቧ በርጩማ ስቤ ተቀመጥኩና ሥራዋን ታዘብኩ። ያየሁት ግፍ ነበር። ቀኝ እጇ ይጽፋል፤ ከጽሕፈቱ ዘሎ ማውስ ይይዛል፤ ያንን ጎትቶ አንድ ነገር ይነካል፤ ተመልሶ ይጽፋል፤ ደግሞ ይዘላል። ግራ እጇስ? ግራ እጇ ሠርግ ቤት እንደተጠራ የሩቅ ዘመድ ተዘርግቶ ተቀምጧል! አልፎ አልፎ አንድ ፊደል ነካ ያደርግና ያርፋል። እኛ አገር ዳዶ አለ፤ ሌላው ወንፈል የሚለው ማለት ነው። ዛሬ የአንተን ማሳ፣ ነገ የእኔን። እዚያ መሐል ቁጭ ብሎ የሚያይ ሰው ቢገኝ እራት አይሰጠውም። እና እኔ በእጆች መሐል እንዲህ ያለ ነገር እያየሁ ዝም ልል ነው?

ማውሱን አነሳሁት። ሽቦ የለውም፤ ኪስ የሚገባ ነገር ነው።

"እማማ! ምን እያደረግሽ ነው?"

"እጅሽ እስኪድን እስር ቤት ይገባል።"

"ያለሱ መሥራት አልችልም እኮ! ጉባኤው ሦስት ሳምንት ነው የቀረው።"

"ሦስት ሳምንት ሙሉ ሁለት እጅ አለሽ። በሁለቱም ሥሪ።"

ሳጥን ውስጥ ቆለፍኩበት አልኳት። የሳጥኑን ቁልፍ የት እንደማስቀምጥ ግን ከሕፃንነቷ ጀምራ ታውቃለች፤ ስንቱን ስኳር አውጥታበታለች። ስለዚህ ማውሱን ያስቀመጥኩት ሌላ ቦታ ነው፤ መቀነቴ ውስጥ። እዚያ ማንም እጁን አይሰድም።

ከዚያ ትምህርት ጀመርን። የሲሚንቶ ከረጢት ቀድጄ፣ ንጹሑን ገጽ ወደ ውጭ አድርጌ ግድግዳ ላይ ለጠፍኩ። ምህረት አቋራጮቹን አንድ በአንድ ነገረችኝ፤ እኔ በከሰል ጻፍኩ። መጀመሪያ ኮንትሮል። ኮንትሮል ብቻውን ምንም አይሠራም፤ ሌላው ቁልፍ እንዲሠራ ተጭኖ ይይዛል። እንዲህ ያለ ሰው በየመሥሪያ ቤቱ አለ። ኮንትሮል ከኤፍ ጋር የጠፋን ቃል ይፈልጋል፤ መነጽሬንም ይፈልግልኝ እንደሆነ ጠይቄአት ነበር፣ አይችልም። ኮንትሮል ከዲ ጋር ደግሞ አንድ ቃል ይዘሽ ስትጫኚው የሚመስለውን ቃል እየለቀመ ይይዛል፤ ሁሉንም ባንዴ ታርሚዋለሽ። ኮንትሮል ከኤስ ጋር የሠሩትን ያስቀምጣል። እሱን አስምሬበታለሁ፤ ሕጌም ነው፤ ሳያስቀምጡ ከወንበር መነሳት የለም።

በጣም የወደድኩት ኮንትሮልን ከዚያች ዘንበል ካለች ጭረት ጋር ነው። ሁለቱ ሲነኩ መስመሩ ይደበዝዛል። እዚያው አለ፣ ይነበባል፣ ኮምፒውተሩ ግን እንዳልሰማ ያልፈዋል። የጋሽ ገብሬን የስብሰባ ንግግር እንዲህ ማድረግ ቢቻል ስንት ቀን ይተርፈን ነበር!

በኋላ ኦልት ከላይኛው ቀስት ጋር መጣ። ጠቋሚውን አንድ መስመር ላይ አድርገሽ ስትጫኚ መስመሩ ባለበት ተነቅሎ አንድ ደረጃ ይወጣል። መቅዳት የለ፣ መለጠፍ የለ። ጠቅ፣ አንድ ወጣ። ጠቅ፣ ደገመ። ይህንን ስታሳየኝ ልቤ ትንሽ ደንገጥ አለ። ለምን እንደደነገጠ የገባኝ በኋላ ነው።

በየጠዋቱ ከበርጩማዬ ላይ እጠራባታለሁ። "መስመር አጥፊ!" "መስመር ድገሚ!" "ፈልጊ!" "ወደ ኋላ መልሺ!" ስትሳሳት በመጥረጊያው እጀታ ወለሉን እደልቃለሁ። የመጀመሪያው ሳምንት ለቅሶ ቤት ነበር። አንድ ቃል ልታርም ሄዳ ሙሉ ገጽ አጥፍታ ጮኸች፤ መስኮት ልትቀይር መስኮት ዘጋች። አንዳንዴ ደግሞ "ጠቋሚው ብቻውን ይንቀሳቀሳል" እያለች ኮምፒውተሩን ጎኑን በጥፊ ትለዋለች። እኔ እሷው የነካካችው መስሎኝ፣ "እጅሽን ሰብስቢ!" እላለሁ። በሁለተኛው ሳምንት ግን ጣቶቿ ተስማሙ። ግራው ይይዛል፣ ቀኙ ይነካል፤ አንጓዋም ጎደለ። በሦስተኛው ሳምንት ከእኔ ጥሪ መቅደም ጀመረች። ድሮ ከሰዓት በኋላውን የሚበላት ሥራ ምሳ ሳይቀርብ ያልቃል። በቀኝ እጇ ቆረሰችና አጎረሰችኝ።

እዚህ ላይ ባቆም ጥሩ ሴት ነበርኩ።

ጉባኤው በሚደረግበት ቀን ጠዋት ምህረት የመጨረሻውን ስታይ እኔም ጎንበስ ብዬ አየሁ። ገጹ ላይ ከላይ ትዕዛዙ አለ፤ ከሥሩ የሠላሳ አራታችን ስም በየመስመሩ ተደርድሯል። መጀመሪያ ሀብታሙ። መጨረሻ ፍሬሕይወት። ከፍሬሕይወት በላይ እኔ።

"ይሄ ምንድነው?" አልኳት።

"የመጀመሪያው ዙር ተራ ነው። ኮሚቴው እንደ አምናው በፊደል አድርጊው ብሎ ነው የሰጠኝ።"

ደሜ ፈላ። ስሜን አልነግራችሁም፤ በፋ እንደሚጀምር ብቻ እወቁ። በፋ የሚጀምር ስም ያለው ሰው ምን እንደሆነ ሀብታሙ አያውቅም። ክትባት ሲመጣ መድኃኒቱ ሊያልቅ ሲል ነው የሚደርሰን። ማዳበሪያ ሲታደል "ነገ ኑ" የምንባለው እኛ ነን። ጎረቤቴ ፍሬ ደግሞ ከእኔም ትብሳለች። አንድ እግሯ አይታጠፍም፣ ባሏ ከሞተ ቆይቷል፣ ከማንኪራ በኩል ያለውን ቡናዋን የምትለቅመው ራሷ ናት። አምና ተራ ስትጠብቅ ዝናብ ወረደበትና እሸቷ በጆንያ ውስጥ ሻገተ። ያንን ጆንያ አብረን ነው የደፋነው።

"ለመሆኑ ፊደልን ማን ሾመው?" አልኩ።

"እማማ፣ መጀመሪያ ይቀበሉት። ሥራውን ልያዝ፣ ከዚያ እንነጋገርበታለን። አሁን ምንም አልነካም።"

"አንቺ አትንኪ።"

ይህንን ስል በልቤ ምን እንዳሰብኩ ልብ አላለችም። ልትታጠብ ወደ ጓሮ ወጣች። ኮምፒውተሩ ክፍት ነው። እኔ ብቻዬን ነኝ። ቀስት በመንካት ወርጄ ፍሬ ላይ ቆምኩ። ኦልት፣ የላይኛው ቀስት። ጠቅ። ፍሬ አንድ ወጣች። ጠቅ። የማይታጠፍ እግሯን ይዛ ጸጋዬን አለፈች፣ ጥላሁንን አለፈች። እንዴት ደስ እንደሚል! ሊቀመንበሩን ራሳቸውን ስታልፍ እጄን ያዝ አድርጌ ትንሽ እዚያው አቆየኋት። ከዚያ ቀጠልኩ። ሀብታሙን አልፋ አንደኛ ስትሆን ማቆም ነበረብኝ። ጣቴ ግን ሞቅ ብሎታል። ፍሬ ከዝርዝሩ ወጥታ ትዕዛዙ መሐል ገባች።

ገጹ በቀይ ጭረት ተሞላ። ወደ ታች ልመልሳት ስል የጓሮው በር ሲንቋቋ ሰማሁ። ደነገጥኩ። ሰው ሲደነግጥ የለመደውን ያደርጋል፤ ኮንትሮል ኤስ ብዬ አስቀመጥኩና ክዳኑን ገጭ አድርጌ ዘጋሁት። ምህረት ስትገባ ወለል እየጠረግኩ ነበር።

"ቸኩለሻል" አለችኝ።

"ጉባኤ ነዋ!"

አዳራሹ ሙሉ ነበር። ጋሽ አድማሱ ከፊት፣ አጠገባቸው ከወረዳ የመጣው ባለሙያ፣ ከሌላ ክልል ተመድቦ የመጣ፣ ሸሚዙ የተተኮሰ ወጣት። ፍሬ እግሯን ዘርግታ ከእኔ ጎን ተቀምጣለች፤ ምን እንዳደረግኩላት አታውቅም። ፕሮጀክተሩ ግድግዳው ላይ በራ፤ ምህረት ክዳኑን ከፈተችና ሳታይ ማስጀመሪያውን ነካች።

ቀይ። ከላይ እስከ ታች ቀይ ጽሑፍ።

"ኢሹ አለው ማለት ነው?" አለ ባለሙያው። "እኔ እኮ መጀመሪያውኑ ለዚህ ፕሮሰስ አንድ ሠንጠረዥ ይበቃል ብያለሁ።"

ምህረት ላብ አጠመቃት። ያ ሻንጣ ከአልጋው ሥር ወጥቶ በር ላይ የቆመ መሰለኝ። ትንፋሼ ፈጠነ። ይሄኔ ግድግዳው ላይ ያለችው ጠቋሚ መንቀሳቀስ ጀመረች። የምህረት ሁለት እጅ ቁልፎቹ ላይ ነው፤ ጠቋሚዋ ግን ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ወደ ላይ፣ ወደ ታች።

"ማን ነው የሚነካው?" አሉ ጋሽ አድማሱ።

"እኔ አይደለሁም" አለች ምህረት።

"ቫይረስ ነው!" አለ ባለሙያው። ከኋላ አንዷ "በኢየሱስ ስም!" አለች፤ አጠገቧ ያለው አማተበ። ሳሌ መጣና ሳልኩ። ጠቋሚዋ ዘላ ጣራው ጋ ደረሰች። ክርኔን ሆዴ ላይ ጣል ሳደርግ ጠቅ የሚል ድምፅ ተሰማ፤ ግድግዳው ላይ የምህረት የልጅነት ፎቶ ቦግ አለ፤ ጥርሷ የወለቀ ጊዜ፣ የእኔን ጫማ ተጫምታ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቄ አመለጠኝ፤ ስስቅ ጊዜ ጠቋሚዋ እስክስታ ወረደች።

ምህረት ቀስ ብላ ወደ እኔ ዞረች። ዓይኗ መጀመሪያ ፊቴን፣ ቀጥሎ ሆዴን አየ።

"እማማ። ማውሱ የት ነው ያለው?"

"እስር ቤት።"

"የትኛው እስር ቤት?"

ሽቦ የሌለው ማውስ ከሩቅ እንደሚሠራ ማን ነገረኝ? ከእጅ ከወጣ የሞተ መስሎኝ ነበር። በሠላሳ ሦስት አባልና በአንድ ባለሙያ ፊት መቀነቴን መፍታት ጀመርኩ። መቀነቴ ረጅም ነው። መጀመሪያ መሐረቤ ወጣ። ከዚያ የሳጥኑ ቁልፍ። ከዚያ ለጥርሴ የያዝኩት ቅርንፉድ። ከዚያ ምህረት ሁለት ሳምንት የፈለገችው የእኔው መነጽር። በመጨረሻ ማውሱ ወጣ፣ ከሥሩ ቀይ መብራቱ በርቶ፣ ከእኔ ሙቀት የተነሳ ዳቦ መስሎ ሞቋል። ባለሙያው ተቀብሎ አጠፋልኝ። "እማማ፣ እርስዎ ነዎት ቫይረሱ?" አለኝ። መቀነቴን መልሼ መጠምጠም ያዝኩ።

ሳቁ በረድ ሲል ቀዩ ጽሑፍ እዚያው አለ። ምህረት ገጹን አየች። ከዚያ ኮንትሮል ዜድ ነካች፤ ወደ ኋላ የሚመልሰውን። እኔው በከሰል የጻፍኩትን።

ፍሬሕይወት ከትዕዛዙ መሐል ወጥታ ከሀብታሙ በላይ ቆመች። ጠቅ፤ ከሀብታሙ በታች ሆነች።

"እንዴ! ቀድማኝ ነበር?" አለ ሀብታሙ።

ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ። ፍሬ ደረጃ እንደሚወርድ ሰው አንድ በአንድ ወረደች። የሚታለፈው ሁሉ ከየወንበሩ ብድግ ይላል። "እኔንም?" "እኔንም!" ጋሽ አድማሱ ጋ ስትደርስ መነጽራቸውን አወለቁ። መጨረሻው ላይ ደርሳ ቆመች። ፍሬ ራሷ፣ "እኔ ከቤቴ አልተነሳሁም!" ብላ ጮኸች።

"ማን ነው ይህን ያደረገው?" አሉ ጋሽ አድማሱ። ምህረትን ነበር የሚያዩት። እሷ አፏን ልትከፍት ስትል ተነሳሁ።

"እኔ ነኝ። ልጅቷ አታውቅም።"

"እርስዎ? ዘወትር ፍትሕ ፍትሕ የሚሉት?"

"ፍትሕ ብዬ ነው ያደረግኩት! አምና የፍሬ ቡና ሲሻግት የት ነበራችሁ? በፊደል አደረጋችሁት፤ ፊደሉ ዘንድሮም ፊደል ነው፣ ከርሞም ፊደል ነው፤ እሷ ሁልጊዜ መጨረሻ ናት። አዎ፣ ተራ ሰርቄአለሁ። ግን ለእሷ ነው። ለራሴ አንዲት መስመር አልነካሁም!"

አንዳንዱ ራሱን ነቀነቀ። ፍሬ ዓይኗን በነጠላዋ ጠረገች። ምህረት ደግሞ ንጹሕ ልቧ አይደል፣ ሁሉ ወደ ቦታው መመለሱን ልታረጋግጥ አንድ ጊዜ ጨምራ ነካች።

ግድግዳው ላይ የእኔ ስም አንድ መስመር ወረደ።

አሁን ያንን የደበቅኩትን ላውጣው። ፍሬን ከማንሳቴ በፊት ለሙከራ የራሴን ነክቼ ነበር። ለሙከራ! ሦስት ጊዜ ብቻ። ገብሬን አልፌ ቆምኩ፤ ከዚያ ፍሬ ትዝ አለችኝና ሐሳቤ ወደሷ ሄደ። የራሴን መመለስ ረሳሁት። መርሳቴ እውነት ነው። ከረሳሁት ነገሮች ሁሉ እሱን የረሳሁት ለምን እንደሆነ ግን አትጠይቁኝ።

"እኔን ነው ያለፈችው!" ብሎ ጋሽ ገብሬ ወንበር ገለበጠ። ሌላ ጠቅ፣ ጥላሁን ተነሳ። ሌላ ጠቅ፣ ጸጋዬ። ከዚያ ምንም የሚመለስ አልቀረም። ስቀመጥ ፍሬ ወደ ጆሮዬ ተጠግታ፣ "ለእኔ ሠላሳ ሦስት፣ ለራስሽ ሦስት። ደግ ነሽ" አለችኝ። ምርቃት ይሁን ሽሙጥ እስካሁን አላወቅኩም።

ጋሽ አድማሱ ግድግዳውን አዩት። ወደ ምህረት ዞረው፣ "ልጄ፣ ይሄ ነገር ምንጊዜም እንዲህ ወደ ኋላ ሄዶ ያሳያል?" አሉ።

"እንዲህ ክፍት ሆኖ ሲቆይ ነው፣ ጋሼ። ግን ማን መቼ ምን እንደነካ የሚመዘግብ ክፍል ልጨምርበት እችላለሁ። ያኔ ማንም አያጠፋውም።"

ጋሽ አድማሱ ያንን በነጭ ቀለም የተለሰነ መዝገብ ከጠረጴዛው አነሱና ወደ ጉባኤው ከፍ አድርገው አሳዩት። "በዚህ ላይ ስንት ሰው ወጥቷል፣ ስንት ሰው ወርዷል። አንዱን አላገኘንም። ዛሬ ግን ሌባዋን በአምስት ደቂቃ ያዝናት፤ መስመር ሳይቀር።" ሌባዋ ማለት እኔ ነኝ። ሲስቁ አብሬ ሳቅኩ፤ ምን ላድርግ?

ባለሙያው እንኳ፣ "ይሄ ሠንጠረዡ ላይ የለም" አለ።

ከዚያ የፊደሉ ነገር ተነሳ፤ መቼም ከተናገርኩት ውስጥ እውነት የሆነው ይቀራል። ፍሬ ቆማ፣ የሻገተውን ጆንያ እንዴት እንደደፋነው ተናገረች። ከዳዶ ሕግ እንውሰድ ተባለ፤ አምና መጨረሻ የነበረ ዘንድሮ ይጀምር፣ ከርሞ ደግሞ ይዙር። ምህረት እዚያው ዝርዝሩን በሙሉ ያዘች፣ ሁለት ሦስት ቁልፍ ነካች፣ ሠላሳ አራታችን ተገለባበጥን። ማውስ አልነካችም። ፍሬ አንደኛ፣ ሀብታሙ መጨረሻ። እኔ ሁለተኛ ልሆን ስል ጋሽ ገብሬ እጁን አወጣ።

"ተራ የሰረቀ መጨረሻ ይቀጣ!"

ሁሉም እኔን አየኝ። ገብሬን አልወደውም። ግን ልክ ነው። "መጨረሻ አድርጊኝ" አልኳት ለምህረት። ኦልት፣ የታችኛው ቀስት። ሀብታሙንም አልፌ ከሁሉ በታች ሆንኩ። በፋ ተወልጄ በፋ ቀረሁ።

ምህረት ሥራዋን ይዛለች። ሻንጣው ተራግፎ የክረምት ብርድ ልብስ ገብቶበታል፤ አሁን ስጠርግ ዞር አድርጌው ነው የማልፈው። እሷ ግን አዲስ አቋራጭ ለምዳለች። በር ገፍቼ ስገባ ሳትዞር ሁለት ቁልፍ ትነካለች፤ ገጹ ጥቁር ይሆንና የይለፍ ቃል ይጠይቃል። የተወለደችበትን ዓመት ሞክሬዋለሁ፣ አይደለም። የእኔንም ስም ሞክሬአለሁ። ከተማረቻቸው ሁሉ እንደዚህኛው የሚፈጥንላት የለም፤ እግሬ ደፉን ሳይረግጥ ጠቅ ይላል።

ይበል። ጠቅ የሚለው እኔ ቤት ነው።